እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? እማስ? ልጆቹ አደጉ? በጣም ጠፋሁብሽ፣ ይቅር በይኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ዝምታ ሲቆይ አፍ ይይዛል፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ቀረሁ። አንቺም ብትሆኚ እኮ አልጻፍሽም! አቦ፣ ኔትወርክ የለም እንዳትዪኝ ብቻ። የሰው ሰርግ ላይ ስትጨፍሪ ቪዲዮሽን አይቻለሁ። በቃ፣ ሒሳቡ ተወራርዷል። አሁን የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ከዚያም የምለምንሽ።

ለንደንን ለቅቄያለሁ። ዴቨን በሚባለው ክፍለ አገር ሊንተን የምትባል ትንሽዬ ከተማ ገብቻለሁ። ሥራዬ ያው ነው፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ አዛውንት እንከባከባለሁ። ሊንተን ገደል አፋፍ ላይ ነው ያለችው። ከገደሉ ሥር፣ ባሕሩ ዳር፣ ሊንማውዝ የሚሏት መንደር አለች። ስታያት ፖስት ካርድ ላይ ያለች ነው የምትመስልሽ።

ከምንከባከባቸው አንዷን ነው ልነግርሽ የፈለግኩት። ስማቸውን ትቼ እሜቴ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ነግሬያቸው ወደውታል። ሰማንያን አልፈዋል። ሊንማውዝ ነው ያደጉት። ዝናብ ሲጥል መስኮቱን እንድዘጋው ይሉኝና መልሰው ክፈቺው ይሉኛል። ክፈቺው የሚሉት ወንዙን ለመስማት ነው። ያንን ያየሁ ቀን ነው የጠረጠርኩት። አንቺም እኮ ታውቂዋለሽ፣ እኔም እንደዚያ ነኝ።

በነሱ አቆጣጠር በ1952 ኦገስት 15 ማታ ነው፤ በኛ ነሐሴ 9 ቀን 1944። ከመንደሯ በላይ ኤክስሙር የሚባል ደጋ አለ። በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 230 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደበት። መሬቱ ቀድሞም ጠግቦ ነበርና ውኃው ሁሉ ወደ ወንዞቹ ሄደ። ሁለቱ ሊን የሚባሉት ወንዞች ደግሞ የሚገናኙት እዚያችው መንደር ውስጥ ነው። 34 ሰው ሞተ። 420 ሰው ቤት አጣ። ከ31 ድልድይ 28ቱ ወይ ፈረሰ ወይ ተጎዳ። መኪናው ባሕር ገባ፣ የቤት የሚያህል ቋጥኝ እየተንከባለለ መጣ። የመንደሯ መብራት ከዚያው ከወንዙ ኃይል ስለነበር የሚመጣው፣ ያ ሁሉ የሆነው በጨለማ ነው።

ለቤትና ለሆቴል ቦታ ለማግኘት አንደኛውን ወንዝ አጥብበውት ነበር አሉኝ። በዚያች ሌሊት የጥንት መንገዱን ይዞ መሐል መንደሩን ሰንጥቆ ወጣ። ይህን ሲነግሩኝ ያጠብኩትን ብርጭቆ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የኛ የድሬዳዋው ወንዝ፣ ደቻቱ መጣብኝ። ዓመቱን ሙሉ ደርቆ፣ ሰው ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር በአሸዋው ላይ እየተሻገረ፣ ልጆች ኳስ እየተጫወቱበት። ዳሩ ላይ ሠፍረን ወንዝ መሆኑን ከመርሳታችን የተነሳ! ዝናቡም ቢሆን የባሰው ከላይ ከደንገጎ ተራራ በኩል የጣለው ነው። እኛ ተኝተን ነበር።

ስለዚያ ሌሊት አልጽፍልሽም። አብረን ነበርን።

እሜቴም ስለ ውኃው ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ማግሥቱ ነው። የሊንተን ሰው በሩን ከፈተ ይላሉ። ባሕር ዳር ለዕረፍት የመጣውንም፣ መንደርተኛውንም፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ ላይ እየወሰደ አስገባ። ማን ቤት እንዳደሩ፣ ምን እንደበሉ እስከ ዛሬ ይነግሩኛል። ቆይቶ ወታደር መጥቶ ድንጋዩን ማንሳት ጀመረ። ከመላው እንግሊዝ ገንዘብና ልብስ ጎረፈ። ለእሳቸው የደረሳቸው ሰማያዊ ሹራብ ነበር። እዚህ አገር የተማሪ ልብስ አንገቱ ላይ የልጁ ስም በክር የተጻፈባት ትንሽ ጨርቅ ትሰፋበታለች። ሹራቡም ላይ የሌላ ልጅ ስም ነበረበት። እናታቸው ልትፈታው መቀስ ስታነሳ አልቅሰው ከለከሏት። እስኪጠባቸው ድረስ የዚያችን ልጅ ስም አንገታቸው ላይ ይዘው ለበሱት። ልጅቷን አይተዋት አያውቁም። ስሟን ግን እስከነአባቷ ይጠሩታል፤ ዘመድ እንደሚጠራ ነው የሚጠሩት።

ያን ቀን ነው እኔም የነገርኳቸው። እዚህ አገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ የሥራ ባልደረቦቼም አያውቁም። ሐምሌ 1998 አልኳቸው፣ ድሬዳዋ አልኳቸው፣ ከ250 በላይ ሰው አልኳቸው። አገሩን ካርታ ላይ አሳየኋቸው። እጄን ይዘው ብዙ ቆዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ማን አስገባሽ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ማን ሞተብሽ ነበር የሚለው። እሳቸው ግን ማን አስገባሽ አሉኝ።

እማን ነገርኳቸው። ከጎርፉ በኋላ ካረፍንበት ድንኳን መጥታ እኔንና ወንድሜን እንደወሰደችን፣ አንቺ፣ እኔና ወንድሜ አንድ ፍራሽ ላይ እንደተኛን። ጎረቤት ለማጽናናት ሲመጣና እኛን ሕፃናቱን ምን አያችሁ እያለ ሲጠይቅ፣ እማ ቡናውን ይዛ «ልጆቹን ተዉልኝ» ማለቷን። የራሷን ሽቲ ቆርጣ ቀሚስ እንደሰፋችልኝ። ይህንን ሁሉ አንቺም ታስታውሺዋለሽ።

አንድ ነገር ግን አንቺም የምታውቂው አይመስለኝም። በመጣን በማግሥቱ ጠዋት እማ ሳንቲም እጄ ላይ አስቀምጣ «ሂጂ ዳቦ ግዢ፣ እንዳትቆዪ» አለችኝ። ቀጥላም የምታናድደኝን ነገር ጨመረች፤ «የተቃጠለ እንዳይሰጡሽ እይ»። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሰው ሁሉ እያየኝ ያለቅስ ነበር። ማንም የሚያዘኝ አልነበረም። እማ ግን አዘዘችኝ። እንግዳ ብሆን አትልከኝም ነበር። ያቺን ዳቦ ደረቴ ላይ አቅፌ ስመለስ የቤቱ ልጅ እንደሆንኩ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ቁጣውንም፣ ዕቃ ማጠቡንም ከአንቺ እኩል ተካፈልኩ። እንደውም አንቺ እየተደበቅሽ ከአንቺ ይበልጥ አጥቤያለሁ፤ ይህን ለልጆችሽ እነግራቸዋለሁ!

የተረጂነት ስሜት እንዴት እንደሚያሳንስ እዚህ በሥራዬ በየቀኑ አየዋለሁ። ሰው አልጋው ላይ ሲያጎርሱት አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ እኔም የተማርኩትን ነው የማደርገው፤ እሜቴን ድንች ላጡልኝ እላቸዋለሁ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ይልጡልኛል። አለቃዬ አንድ ቀን አይታ ሥራሽን ለእሳቸው ሰጠሽ አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? የእማን ዳቦ ከየት ልጀምርላት?

አሁን ወደ ጭንቀቴ። ሊንማውዝ ውስጥ ለጎርፉ መታሰቢያ የተሠራ አዳራሽ አለ። ከጎርፉ በፊት የነበረችው መንደር በትንሹ ተሠርታ ተቀምጣለች፣ ቤቱ፣ ድልድዩ፣ ሁሉም። እሜቴ ገብተው አያውቁም። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ውሰጂኝ አሉኝ። ከሊንተን ወደ ታች የሚያወርድ የገደል ባቡር አለ፤ ከ1890 ጀምሮ የሚሠራ፣ ሞተር የለውም። ላይ ያለው ፉርጎ ውኃ ይሞላበታል፣ ከብዶ ሲወርድ የታችኛውን ይስበዋል። ውኃው ከዚያው ከሊን ወንዝ ነው የሚመጣው። እሜቴ ይህን ሲያወሩ ደስ ይላቸዋል፤ ያ ወንዝ ዛሬ እኔን ቁጭ አድርጎ ያወርደኛል ይላሉ።

እሺ ብያቸዋለሁ። ግን ፈርቻለሁ። በደቻቱ ድልድይ ላለማለፍ ስዞር አንቺም አብረሽኝ ትዞሪ ነበር፣ ለምን ብለሽም ጠይቀሽኝ አታውቂም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ የፈረሱትን ቤቶች ሳይ ምን እንደምሆን አላውቅም። እሳቸውን መደገፍ ያለብኝ እኔ ነኝ። ደግሞ ሌላ ነገር ጨምረውብኛል። ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ሻይ ሊጠጡ ነው፤ አብዛኞቹ ያኔ በራቸውን የከፈቱት ሰዎች ልጆች ናቸው። እና የዳቦውን ታሪክ ንገሪያቸው አሉኝ። እነሱ የከፈቱትን በር ሲያወሩ ኖረዋል፤ የእማ በር ደግሞ እዚያ ይነሳ አሉኝ።

ልመናዬ ይኸው ነው። እማ ስለዚህ ነገር ማውራት አትወድም። አንድ ጊዜ ሰው ፊት ሲያመሰግኗት ተነስታ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ ትዝ ይለኛል። ፈቃዷን ሳልጠይቅ ስሟን ባዕድ ሰው ፊት መጥራት ከበደኝ። ጠይቂልኝ። በአንቺ አፍ ቀለል አድርገሽ ንገሪያት፣ ወረቀቱን አታንብቢላት፤ ታለቅሳለች። እምቢ ካለች ስሟን ሳልጠራ እናቴ ብዬ እናገራለሁ፤ ያንን እንኳ ልትከለክለኝ አትችልም።

እኔም በቀጥታ ላወራት እፈልጋለሁ። እዚህ አሁን ከእናንተ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ነን። እሑድ ነፃ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ቡናው ሳይነሳ ስልኩን ስጫትና ቁጭ በይ አጠገቧ። ጆሮዋ እንዴት ነው? ጮክ ብዬ ላውራ? ቁጥርሽ ካልተቀየረ እኔ ነኝ የምደውለው፤ ከተቀየረ አዲሱን ዛሬውኑ ላኪልኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

እህትሽ