ለትንሿ እህታችን፣ ስለ ግቢ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፦

እንደምን ከርመሻል? እትዬስ፣ ጋሼስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በድሮዎቹ የደብዳቤ ወግ የጀመርኩት እንድትስቂ ብዬ ነው፤ ናፍቆቱ ግን የምሬን ነው። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ለሽማግሌ እንተወው። ዝውውር፣ ልጅ፣ ለቅሶ፣ ኔትወርክ የሌለበት ወረዳ፤ ያንቺም የእኔም ሰበብ ተቆጥሮ አያልቅም። የድምፅ መልእክትሽ የደረሰኝ ሥራ ላይ ሳለሁ ነበርና ውጪ ወጥቼ ደጋግሜ ሰማሁት። ዛሬም ዐረፍተ ነገር ሳትጨርሺ ትስቂያለሽ።

ትንሿ ዩኒቨርሲቲ ገባች! እኛ ለማትሪክ ስናጠና ደብተራችን ላይ ስትሞነጫጭር የነበረችው ልጅ! ጎንደር መመደቧማ ደስታዬን እጥፍ አደረገው። «ክበብ፣ ሥልጠና፣ የተማሪዎች ኅብረት፣ ሁሉም ውስጥ ካልገባሁ ትላለች፤ መሪ መሆን ነው የምፈልገው ትላለች፤ አንቺ አልፈሽበታልና ምን ልበላት?» ነው ያልሽኝ። በድምፅ ልመልስልሽ ሞክሬ ተንዛዛብኝ፤ ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

ስለ ሥልጠናዎቹ ብዙ አልልም። አዳራሽ ይሞላል፣ ፕሮጀክተር ይበራል፣ አሠልጣኙ ስለ ራእይና ስለ በራስ መተማመን ያወራል፣ ከሰዓት ሰርተፍኬት ይታደላል፣ ፎቶው ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ትሂድ፤ ቢያንስ ሰው ትተዋወቃለች፣ ሻይ በኩኪስም አለው። ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያን ቀን ማንም ማንንም አይመራም። አንድ ሰው ቢቀር የሚጎድል ሥራ የለም፣ ቃሉን የሚያጥፍ የለም፣ የሚያኮርፍ የለም። መሪነት የሚለመደው ደግሞ የሚቀርና የሚያኮርፍ ሰው ባለበት ነው።

እኔ የተማርኩትን የተማርኩት ለልምምድ በወጣንበት፣ ከጎንደር ብዙም በማይርቀው ደምቢያ ነው፤ ቆላድባ። ያኔ በስልክ አቧራውንና ትንኙን ብቻ እያማረርኩ ስለነበር ዋናውን ነገር የነገርኩሽ አይመስለኝም።

የጎንደርን ነገር ትንሿ ራሷ ብታውቀው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በአገሪቱ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ለገጠሩ ሐኪም እስኪደርስ ይጠበቅ ቢባል ማለቂያ የለውም። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና ሳኒታሪያንን አብሮ ነበር የሚያሠለጥነው፤ አብረው ገጠር እንዲወርዱ፣ አብረው ጤና ጣቢያ እንዲያቆሙ። ዩኒቨርሲቲ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ያ የመጀመሪያው ሐሳብ ግን እኛ ቲቲፒ በምንለው የቡድን ሥልጠና ውስጥ እስከ እኛ ደርሷል። ሊመረቁ የተቃረቡ የሕክምና፣ የጤና መኮንን፣ የነርስ፣ የሚድዋይፍ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች አንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። ታካሚ ያያሉ፣ ቤት ለቤት ዞረው የዳሰሳ ጥናት ያደርጋሉ፣ ያገኙትን ችግር በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ አቅማቸው የቻለውን ይዘው ከሕዝቡ ጋር ይሠራሉ።

አስቢው እስቲ፤ አብረን የምንበላ፣ አብረን የምናድር፣ በዕድሜ እኩያ የሆንን ልጆች። ማንም የማንም አለቃ አይደለም። ነጥብ የሚሰጠው ሱፐርቫይዘሩ ነው፤ እሱም ብቅ እያለ ይመለሳል። ሌላውን ሰው በምን ታዝዢዋለሽ?

መጀመሪያ የቡድን መሪ ስንመርጥ ሁላችንም ወደ ኢንተርኑ ነበር የዞርነው፤ ያው ነገ «ዶክተር» ሊባል ነው። እሱ ደግሞ ተረኛ መሆን ስለሚበዛበት አልቀበልም አለ። በመጨረሻ የአካባቢ ጤናዋ ልጅ ተመረጠች፤ ድምጿ እንኳ በደንብ የማይሰማ ልጅ። እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ፤ ጽሑፍሽ ያምራል ተብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ቃለ ጉባኤ መያዝ አሰልቺ ሥራ ነው። «በአጀንዳ አንድ ላይ ከተወያየን በኋላ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ይባላል፣ ይፈረማል። በማግሥቱ ግን የተስማማው ሁሉ አይገኝም። ይህ ሲደጋገም ጊዜ ደብተሩን ከሁለት ከፈልኩት፤ በግራው ገጽ የተወሰነውን፣ በቀኙ ገጽ የሆነውን መጻፍ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ግራው ገጽ ላይ «ሁሉም ተስማማ»፣ ቀኙ ላይ «የላቦራቶሪው ልጅ አልመጣም»። ትንሽ ቆይቼ ሌላ ነገር መጨመር ጀመርኩ፦ ስንወያይ ማን ዝም ብሎ ነበር? ጊዜ ወስጄ ሳነብበው፣ ያልመጡት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ዝም ያሉት ነበሩ። የላቦራቶሪው ልጅ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የወባ ደም ናሙና ማይክሮስኮፑ ሥር ተከምሮበት ነበር፤ እኛ ቀኑን ስንቆርጥ «ላንተ ይመችሃል ወይ?» ያለው አልነበረም፤ እሱም በሰው ፊት አይሆንም ማለት ይከብደዋል። እኛ ዘንድ ስብሰባ ላይ ዝም ያለ እንደተስማማ ነው የሚቆጠረው፤ ስንት ሥራ በዚህ እንደሚበላሽ ታውቂያለሽ።

ገጹን ለመሪያችን አሳየኋት። እሷ ነገሩን ያስተካከለችበት መንገድ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ንግግር አላደረገችም፤ ተራውን ብቻ ገለበጠችው። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው መጀመሪያ የምትጠይቀው ዝምተኛውን ሆነ፤ ኢንተርኑን መጨረሻ። ትልቅ ቀድሞ በሚናገርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኢንተርኑ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። በኋላ ግን «እኔ ቀድሜ ስናገር ሰው የእኔን ይደግማል፤ አሁን የማላውቀውን እየሰማሁ ነው» ብሎ በራሱ አንደበት ተናገረ። ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ሽንት ቤት ላይ የሆነውን ደግሞ ስሚ። ዳሰሳችን ሽንት ቤት የሌለው ቤት ብዙ እንደሆነ አሳየን፤ እኛም «የግንዛቤ እጥረት» ብለን ጽፈን ትምህርት ልንሰጥ ተዘጋጅተን ነበር። ቀበሌው ሰው ሰበሰበልን። መሪያችን ለማስተማር ከመነሣቷ በፊት ቆፍረው የነበሩ ሰዎች ካሉ እንዲናገሩ ጠየቀች። አንዲት እናት ብድግ አሉና «ልጄ፣ ቆፍረን ነበር፤ ክረምት ሲገባ ተደረመሰ፤ ደግመን ቆፈርን፤ ደግሞ ተደረመሰ» አሉ። መሬቱ ዋልካ ነዋ! በበጋ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ያብጣል፣ ጉድጓዱን አይሸከምም። የግንዛቤው እጥረት የእኛ ሆነና አረፈው። አጀንዳው በአንዴ ተቀየረ፤ ጉድጓዱን ውስጡን በድንጋይ መደገፍ፣ አፉን ከፍ ማድረግ፣ ጎርፍ መመለሻ ቦይ መቅደድ። ይህን ደግሞ ከመካከላችን አጥርቶ የሚያውቀው እሷ ነበረች፤ የአካባቢ ጤና ተማሪ። ኢንተርኑ ድንጋይ ተሸካሚ ሆነ።

ጋሼ በደርግ ጊዜ በእድገት በኅብረት የተማሪዎች ዘመቻ ሲዘምቱ ያጋጠማቸውን ሲያወሩ ትዝ ይልሻል? በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 ከሚጠጉት ዘማቾች አንዱ ሆነው፣ ጢማቸው ሳይወጣ፣ ሲዳሞ ገጠር ቆመው ስለ መሬት አዋጁ ገበሬውን ሰብስበው ያስረዳሉ። ገበሬው ጨርሶ ከሰማቸው በኋላ «እሺ፣ መሬቱ የእኛ ሆነ፤ በሬውስ?» ሲላቸው የሚሉት ጠፍቷቸው ተቀመጡ። እኛ ልጆች ሆነን የምንስቀው በእሳቸው መደንገጥ ነበር። እኔ ዋልካው ላይ ቆሜ የገባኝ ሌላው ክፍል ነው፦ ከዚያ ቀን በኋላ ከማስረዳታቸው በፊት ይጠይቁ ነበር ያሉት። ለትንሿ አንድ ጊዜ ደግመው ይንገሯት፤ ከእኔ ደብዳቤ ይበልጣል።

እንግዲህ የምላት ይህ ነው። ገና ፍሬሽ ናት፤ ዲፓርትመንት የሚደርሳት በውጤቷ ነው፤ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ለትምህርቷ ትስጠው። ከዚያ አንድ ነገር ትያዝ፤ አምስት አይደለም፣ አንድ። የምትይዘው ነገር እሷ ብትቀር ሰው የሚጎዳበት ይሁን። ግቢ ጉባኤ ከሄደች ከመድረኩ ይልቅ ምግብ የሚያዘጋጀው ክፍል ውስጥ ትግባ፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ስንት ኪሎ ሽሮ እንደሚበቃና ጧት ማን እንደሚነሣ የሚወሰነው እዚያ ነው። የቀይ መስቀል ክበብ ከሆነ ደም ለጋሾችን ስም መመዝገብ ብቻ ሳይሆን በቀኑ ማምጣቱን ትሞክረው። ያለ ክፍያም ያለ ሥልጣንም ቢሆን የክፍል ተወካይነትን የመሰለ ትምህርት ቤት አላየሁም፤ በአንድ ወገን ፈተናው ይገፋልን የሚሉ ተማሪዎች፣ በሌላ ወገን መግፋት የማይፈልግ መምህር፣ መካከል ላይ እሷ። ለሁለቱም ሳትዋሽ ከወጣች ብዙ ተምራለች።

የተማሪዎች ኅብረቱን በተመለከተ ልከልክላት አልፈልግም፤ ጨዋ ልጆች ሠርተውበት አይቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ግን ይቅርባት። ቢሮ፣ ማኅተም፣ ከአስተዳደሩ ጋር መቀራረብ ቀድሞ የመጣለት ልጅ፣ ሰው የሚሰማው ለእሱ ይሁን ለማኅተሙ ሳይለይ ሊመረቅ ይችላል።

ደብተሩን ግን አደራ። በየሳምንቱ መጨረሻ ትንሽ ጊዜ ወስዳ ትጻፍ፤ ምን አልን፣ ምን ሆነ፣ ማን ዝም አለ። ለማንም አታሳየው። ይህን የምለው ግምገማ የሚባለውን ስለማውቀው ነው፤ ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ ሂስና ግለ ሂስ፣ ከዚያ ቂም ይዞ መነሣት። ሰው በአደባባይ ራሱን ሲገመግም የሚናገረው ሊያስመታው የማይችለውን ነው። ያኔ አንድ ለአምስት ተብለን ተቧድነን ፎርም ስንሞላ እንደነበረው ማለቴ ነው፤ ያልተገናኘንበትን ሳምንት ሁሉ «ተወያይተናል» ብለን አልፈረምንም? ለራስ ብቻ የሚጻፍ ገጽ ላይ መዋሸት ግን ምን ይጠቅማል? ደግሞ ስሜቷን ብቻ እየዘረዘረች ገጽ እንዳትሞላ፤ «ተናደድኩ» ብሎ ማቆም ቀላል ነው። የሆነውን በቀኑ ትጻፈው፤ ስሜቱ በኋላ ሲነበብ በራሱ ይታያል።

እኔ አሁን ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነኝ፤ አልነገርኩሽም መሰለኝ። ጧት ጧት ከባለሙያዎቹ ጋር ስንሰበሰብ መጀመሪያ የምጠይቃት የካርድ ክፍሏን ልጅ ነው። ማን ተሰልፎ እንደተመለሰ ከሁሉ በፊት የምታውቀው እሷ ናት። አዲስ የመጣው ጤና መኮንን መጀመሪያ ሰሞን «ይህች ደግሞ ምን አገባት» በሚል ዓይን ያያት ነበር፤ አሁን ከእኔ ቀድሞ እሱ ይጠይቃታል። የግራና የቀኝ ገጹን አልተውኩም፤ ባሌ «የክስ መዝገብ» ይለዋል።

ትንሿን ስልኬን ስጫት፤ በዓል ሲደርስ እኛ ጋ ትምጣ፣ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ወፍራም ጋቢ ያዢላት፤ ጎንደር ማታ ማታ ይበርዳል፣ የዶርሙ ብርድ ልብስ አይበቃትም። በርበሬና ሽሮ እኔ እልክላታለሁ፣ አትጨነቂ።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። የእትዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘላቸውን እንቅስቃሴ ይሠራሉ ወይስ «ለሽማግሌ ምን ያደርጋል» ብለው ትተውታል? ሐዋሳ ላይ የጀመራችሁት ቤትስ ከምን ደረሰ? በድምፅም ቢሆን፣ እየሳቅሽም ቢሆን፣ ላኪልኝ።

የማትረሳሽ እህትሽ