ደብዳቤ ለልጄ፤ ከሸራው በፊት ወለሉ

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣ አዳማ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክልኝን የቮልሷን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። አብዛኞቹ የኮፈኑና የመብራቶቹ ናቸው፤ እኔ ማየት የምፈልገው ግን ከበሮቹ በታች ያለውን ነው። ስለ ቀለሙ የጠየቅኸኝን ለጊዜው አቆየው። አባትህ «መጀመሪያ ቀለሟን አሳምራት፣ ሌላው ይደርሳል» ይልሃል፤ በዚህ እንኳ አትስማው። ጣራዋ በሚታጠፍ መኪና ላይ ሁሉን የሚወስነው ወለሉና የበሩ ስር ነው። እዚያ በሚሊ ሜትር የሳትከው የጣራው ሸራ ጋ ሲደርስ በሳንቲ ሜትር ይቆጠራል፤ ያን ደግሞ የእኔ መርፌ አያስተካክለውም።

በተራዋ ቮልስ ጣራው ራሱ ሸክም ይይዛል። ጣራው ሲነሳ ግን ክዳኑን እንዳጣ ካርቶን መሃሏ መጉበጥ ይጀምራል። ካርማን የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ኦስናብሩክ ላይ እነዚህን ጣራቸው የሚታጠፍ መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ሲሠራ ከበሮቹ በታች ተጨማሪ ብረት ያስገባው ለዚህ ነው። በበሩ ስር በግራና በቀኝ የሚሄደው የጎን ሳጥን ውስጡ ባዶ ነው። የማሞቂያው አየር ያልፍበታል፣ ውሃና አፈርም ይጠራቀምበታል፤ ከውጭ ቀለሙ እያበራ ከውስጥ ይበላል። ካቻቪቴ ይዘህ ተንበርከክና ከስር ውጋው። ጫፉ ከገባ መቆረጡ አይቀርም። ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል፣ የበሮቹን ግርጌና ፊት ኮፈን ውስጥ የትርፍ ጎማውን ጉድጓድም እንዲሁ ፈትሽ። እዚያው ወንበር ስር ሳለህ በመሃለኛው የወለል ቦይ ላይ የታተመውን የሻንሲ ቁጥር በጨርቅ ጠርገህ ከሊብሬው ጋር አመሳክር። በግራይንደር አጠገቡ እንዳትደርስ፤ ቁጥሩ ከጠፋ ለቦሎ ስትሄድ የሚጠብቅህ ጣጣ ከዝገቱ ይብሳል።

ምንም ከመቁረጥህ በፊት ለካ። መኪናዋ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ በአራት ጎማዋ ትቁም፤ በሮቿም እንደተገጠሙ ይሁኑ። ከላይኛው የበር ማጠፊያ ቡሎን እስከ መቆለፊያው፣ ከታችኛው ማጠፊያ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ ስር፣ ከዚያ ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች ያዝ። የለካህበትን ነጥብ በምስማር ጭረህ ምልክት አድርግበት፤ ቁጥሩን ደግሞ ግድግዳው ላይ ጻፈው፤ ወረቀት ሥራ ቦታ አይቆይም። የግራና የቀኙ ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ወይም የበሩ ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ መኪናዋ አስቀድማ ጎብጣለች ማለት ነው። ከበሩ ስር እንጨት አስደግፈህ ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል እስኪሆን በክሪክ ቀስ እያልክ አንሳት። ስትቆርጣት እንዳትጎብጥ የሚይዛት የብረት ማሰሪያ የሚበየደው ከዚያ በኋላ ነው።

ለማሰሪያው 30 በ30 የሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይበቃል። በየበሩ አንድ አግድም፣ አንድ ሰያፍ፤ አንድ ደግሞ ከግራው የመቆለፊያ ምሰሶ ወደ ቀኙ። ብዙ ሰው ቱቦላሬውን በበሩ ክፍት መሃል ይበይደውና በሩን መዝጋት ያቅተዋል። አንተ ወደ ውስጥ አስገብተህ በይደው። በየደረጃው የሥራህ መለኪያ በሩ ነውና ተከፍቶ መዘጋት አለበት።

ለብየዳው ባትሪው ይነቀል። ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ፊት ኮፈን ስር ስለሆነ ይውጣና ከሥራው ቦታ ይራቅ። «ባዶ ነው» ብለህ አትዘናጋ፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ከወለሉ ስር የተቀባው ሬንጅ ስለሚቀጣጠል አስቀድመህ ፋቀው፤ የእሳት ማጥፊያና አንድ ባልዲ አሸዋም ከአጠገብህ አይራቁ። ለጎን ሳጥኑ 1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ለውጭው አካል 0.8 ወይም 0.9 በቂ ነው። «ይጠንክርልኝ» ብለህ 2 ሚሊ አትግጠም፤ ወፍራሙን ለማቅለጥ የምትሰጠው ሙቀት አጠገቡ ያለውን ስስ ብረት ይበሳዋል፣ ያጣምመዋልም። የቤት ክዳን ቆርቆሮም አይሆንም። በዚንክ የተነከረ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታውን በብርድና በትኩሳት ያንዘፈዝፍሃል።

የሰፈር በያጅ «በኤሌክትሮድ እጨርስልሃለሁ» ቢልህ አመስግነህ ሸኘው። ለዚህ ስስ ላሜራ የሲኦቱ ማሽን፣ በሽቦና በጋዝ የሚበይደውን፣ ተከራይ፤ ሽቦው 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። የአዳማን ንፋስ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ደጅ ላይ ስትበይድ ጋዙን ጠርጎ ይወስደውና ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ ዙሪያውን ከልለህ ሥራ። ረጅም መስመር አትጎትት። አንድ ነጥብ በይደህ ወደ ሌላው ጫፍ ሂድ፤ መሃሉን በየ3 እና በየ4 ሳንቲሙ ሙላ፤ ብረቱ በእጅ እስኪነካ ሳይቀዘቅዝ ወደዚያው አትመለስ። ሁለት ላሜራ በሚነባበርበት ቦታ ላይኛውን በ6 ሚሊ መሰርሰሪያ ብሳውና ቀዳዳውን በብየዳ ሙላው። ከየዙሩ በኋላ በሩን ዝጋ፤ ክፍተቱ ዙሪያውን 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ቀጥል፤ ላዩ እየጠበበ ከሄደ አቁምና ግድግዳው ላይ ወደ ጻፍከው ቁጥር ተመለስ። አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ሳትጨርስ ሌላውን እንዳትከፍት። ሁለቱን ባንዴ የቆረጠ ሰው እጁ ላይ የሚቀርለት መኪና ሳይሆን ሁለት ግማሽ ነው።

ሳጥኑን ከመድፈንህ በፊት ውስጡን ዚንክ ባለው ፀረ ዝገት ቀባው፤ ቀለም ካለቀ በኋላ ደግሞ በውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በኩል ሰም ይረጫል። የተቃጠለ ዘይት ይሻላል የሚሉህ ይኖራሉ። እሱ ከሞተር ያመጣው አሲድ አለበት፤ በየመጋጠሚያውም እየወጣ ቀለሙ እንዳይዝ ያደርጋል። የውሃ መውጫዎቹን ራሳቸውን ግን በምንም እንዳትደፍናቸው።

ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስትሄድ ይህን እወቅ፦ ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ ቸርኬ፣ ሞተርና ካምቢዮ ከተራዋ ቮልስ ይሆናሉ። የፊት መስታወቷ፣ የበር መስታወቶቿና ጎማዎቻቸው ግን ለእሷ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ሻጩ «አንድ ነው» ቢል አትመነው፤ አሮጌውን ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን አስተያይ። አሮጌ ጎማ ቢሰባበር እንኳ አትጣል፤ ናሙናህ እሱ ነው።

ከሞተሩ ፍሬኑን አስቀድም። የቆመ መኪና የፍሬን ጎማ ቱቦ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ ስትረግጠው ይይዛል፣ ስትለቀው ግን አይለቅም። ቱቦዎቹንና የየጎማውን የፍሬን ፖምፓ ጎሚኒ ባንዴ ቀይር። አየሩን ስታወጣ ከኋላ ቀኝ ጀምር፤ ከዚያ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። የኋላ ጎማውን አክስል የሚይዘው ባለ 36 ዳዶ የሚጠብቀው በ300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። መለኪያ ቁልፍ ከሌለህ የአንድ ሜትር ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክተህ ጫፉ ላይ 30 ኪሎ አንጠልጥል። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምረህ አጥብቅ፤ ወደ ኋላ አትመልሰው።

ሞተሯ ቀላል ነው፤ በውሃ ሳይሆን በአየር እንደሚቀዘቅዝ ብቻ አትርሳ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና የሞተሩን ክፍል የሚከበው ጎማ ከጎደሉ ማራገቢያው ከታች የሚወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ሞተሯ ዳገት ላይ የምትቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው፤ 0.15 ሚሊ ሜትር። የካንዴላ ክፍተት 0.7፤ የእሳት ቅደም ተከተሏ 1-4-3-2። የቤንዚን ጎማዎቹን ሁሉ ቀይርና በማሰሪያ አጥብቃቸው። ቮልስ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ የሚንጠባጠብ አሮጌ ጎማ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1600 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ወደ 15 በመቶ ስለሚሳሳ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚያ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ካነሳ ዋናውን ጅግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር አሳንሰው፤ ወደ ነጭ ካደላ ግን ከልክ በላይ አሳንሰኸዋልና ቶሎ መልሰው። ስትሞክራት ከሶደሬ መንገድ ጀምር፤ የኢተያና የአሰላ ዳገት ሁለተኛ ይሁን፤ የፍጥነት መንገዱ ይቆይ። ስትመለስ የበሩን ክፍተት እንደገና ለካ፤ ብየዳህ መያዙን የሚነግርህ እሱ ነው።

ቀለሙን ባጭሩ ልንገርህ። ስቱኮ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አይደርብ፤ የጎደለውን በመዶሻ መልሰው። የብርጭቆ ወረቀት 80፣ 180፣ 320፣ ከመጨረሻው ቀለም በፊት ደግሞ 600 በውሃ። ጠዋት ማልደህ፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ መሬቱን ውሃ አርከፍክፈህ ርጭ። ማጠንከሪያ ያለው ቀለም ሳንባን ይጎዳል፤ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ ማጣሪያ ያለውን ግዛ። በዚህ ላይ ብር ስትቆጥብ እንዳልሰማ።

አሁን ወደ ጣራው። ጣራው አንድ ሸራ ብቻ አይደለም። ከውስጥ የኮርኒስ ጨርቅ፣ ሸራውን የሚሸከሙትን ቅስቶች በየቦታቸው የሚይዙ የጎን ጥብጣቦች፣ ወፍራም ሙሌት፣ ከላይ የውጭው ሸራ፤ ከኋላ ደግሞ እውነተኛ መስታወት አለው። አሮጌውን ቀድደህ አታውልቀው። ምስማሩን አንድ በአንድ በፒንሳ ንቀል፤ በየንብርብሩ ላይ «ፊት»፣ «ግራ»፣ «ውጭ» ብለህ ጻፍበት። ቢለጠጥም ቢቀደድም የምቀድበት እሱን አይቼ ነው። ጥብጣቦቹን ከመፍታትህ በፊት ጣራው ተዘግቶ ሳለ በቅስትና በቅስት መካከል ያለውን ርቀት በግራ፣ በመሃልና በቀኝ ለካ። ጥብጣብ አንዴ ከተፈታ ያ ልኬት የትም አይገኝም።

ከፊት መስታወቱ በላይ የሚያርፈውና ከኋላ ሸራው የሚመታበት እንጨት በስብሶ ከሆነ አዲስ አሠራ። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ ወይራ ይከብዳል፣ ምስማር ሲገባበትም ይሰነጠቃል። በደንብ የደረቀ ዋንዛ ፈልግ። ማጠፊያዎቹ ከላሉ ፒናቸውን ቀይር። ከዚያ ምንም ጨርቅ ሳይኖር ባዶ ቅስቶቹን ክፈትና ዝጋ፤ አዲሶቹ የመስታወት ጎማዎች ተገጥመው፣ የጎን መስታወቶቹ እስከ ላይ ወጥተው። ባዶው ቅስት ያለ ግፊያ ካልተቆለፈ ሸራ ለብሶ ጨርሶ አይቆለፍም፤ ችግሩም ያለው ከታች ነው።

ስፌቱ የእኔ ነው። ፀሐይ የሚችል የፖሊስተር ክር፣ 110 መርፌ፣ እርምጃው 5 ሚሊ ሜትር። ስፌት በጠበበ ቁጥር ይጠነክራል የሚሉ አሉ፤ ሸራ ግን መርፌው በደረደረበት ቀዳዳ መስመር ላይ ይቀደዳል። ስንገጥመው ረፋድ ላይ ፀሐይ እናስመታዋለን፤ ሞቅ ሲል ይታዘዛል። በእኩለ ቀኑ የአዳማ ፀሐይ አንወጥረውም፤ ያኔ የተለጠጠው ማታ ሲበርደው ይሰበሰብና መቆለፊያው አይደርስም። የቅስቶቹንና የሸራውን መሃል በጠመኔ አስምረን፣ መጀመሪያ ኋላውን ከመሃል ወደ ዳር በጥቂት ምስማር ብቻ እንይዛለን። ፊቱ የመጨረሻ ነው። ጣራውን ቆልፈን የሸራውን ጠርዝ እናሰምራለን፤ ከዚያ መቆለፊያውን ፈትተን ከመስመሩ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር አልፈን ስበን እንመታዋለን፤ ተመልሶ ሲቆለፍ ራሱ ይወጠራል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ተዘግቶ ይቆይ። እርጥብ ሸራ ደግሞ መቼም አይታጠፍም፤ ሙሌቱ ይሻግታል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል።

ከመምጣቴ በፊት ሦስት ነገር ላክልኝ፦ ከግድግዳው ላይ የበሮቹን ልኬት፣ የቅስቶቹን ርቀት፣ ባዶው ጣራ ተቆልፎ ከግራም ከቀኝም የተነሳ ፎቶ። እነሱን ሳላይ ሸራ አልገዛም። ዋንዛውንም ከአሁኑ እዘዝ፣ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል።

እናትህ