ለእማዬ፣ ከሂውስተን

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረው፤ መጥፋቴ እንዳስቀየመሽ አውቃለሁ።

ለሠርጉ የሚሆነውን ትናንት ልኬያለሁ። ሚስጥር ቁጥሩ እህቴ ስልክ ላይ አለ። ካነሰ ደውሉልኝ እንጂ እንዳትበደሩ። እኔ ግን አልመጣም። ወረቀቴ ገና ነው፤ አሁን ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። «አሜሪካ ገብቶ ረሳን» የሚል ዘመድ ካለ ይህን ንገሪልኝ። የእናቴ ልጅ ስትዳር ሩቅ መሆን ለእኔ ቀላል መስሏቸው ነው?

አባባ ባለፈው «ሰፈራችን ሚኪሊላንድ የተሰየመለት ሰው የእናንተ ከተማ ሰው ነው አሉ፤ እስቲ ጠይቅልኝ» ብለውኝ ነበር። ስኳሩ ዓይናቸውን ስለያዛቸው እህቴ ታንብብላቸው።

ሚኪ ሊላንድ ያደገው እዚሁ ሂውስተን፣ ፊፍዝ ዋርድ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነው። የተማረው ፋርማሲ ነው። በፈረንጆቹ 1972 ለቴክሳስ ምክር ቤት ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ስድስት ዓመት አገለገለ። እዚያ እያለ ደሃው መድኃኒት በርካሽ እንዲያገኝ ታግሏል። አባባ ፋርማሲ በሄዱ ቁጥር የሚያማርሩትን ሳስብ፣ ይህን ይወዱለታል። በ1978 የኮንግረስ አባሏ ባርባራ ጆርዳን የለቀቀችውን መቀመጫ አሸንፎ ዋሽንግተን ገባ። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ መልሰው መረጡት። በ1984 ኮንግረስ የረሃብ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሰብሳቢው እሱ ሆነ። የ77ቱ ድርቅ ጊዜ ነው እንግዲህ። አሜሪካ ለአፍሪካ እህል እንድትልክ ሲወተውት ከረመ፤ አገራችንም ደጋግሞ መጣ።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጋምቤላ ወዳለው የፉኝዶ ስደተኞች ካምፕ ሲበር አውሮፕላኑ ተራራ ላይ ወደቀ። 16 ሰዎች ነበሩ፤ የእኛም ሰዎች አሉባቸው። አንድም አልተረፈም። ስብርባሪው እስኪገኝ ቀናት ፈጀ። ገና 44 ዓመቱ ነበር። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ እሱ ከሞተ በኋላ መንታ ወንዶች ወለደች። እማዬ፣ እዚህ ጋ እንደምታለቅሺ አውቃለሁ። ፉኝዶ ያሉት የሱዳን ስደተኞች ድምፅ አይሰጡትም ነበር እኮ። ለእነሱ ብሎ ነው ያን ያህል መንገድ የመጣው።

የምሠራበት የኤርፖርት ተርሚናልም በስሙ ነው የተሰየመው። ዊልቸር እገፋለሁ። ሥራው አይከብድም፤ ሌሊት ስለሆነ እንቅልፍ ብቻ ይጎድለኛል። በቀደም ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ገፋሁ። ነጠላቸው በርበሬ በርበሬ ይሸታል። «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የሚኪሊላንድ ልጅ ነኝ ስላቸው እጄን ያዙ፤ ልጃቸው መጥቶ እስኪረከባቸው አልለቀቁኝም። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

አባባ ሐኪሙ ዘንድ ሳይሄዱ ሠርጉ እንዳይደርስ። የመድኃኒቱን ለብቻ እልካለሁ፤ ከሠርጉ ገንዘብ አትንኩ። እህቴን ስትመርቋት ደግሞ አንድ ሰው ስልክ ይያዝልኝ፤ ጉልበታችሁን ስትስም ማየት እፈልጋለሁ። ፈረቃዬን አስቀይሬያለሁ፤ የምትወጣበትን ሰዓት ብቻ ጻፉልኝ።

ልጅሽ