ድስታችሁ እኔ ጋ ነው

ሰላም ለሁላችሁም። ለእያንዳንዳችሁ እየደወልኩ ላመሰግን ሞክሬ አልቻልኩም። ስለዚህ እዚሁ ይድረሳችሁ።

ላልሰማችሁ፣ ከሁለት ወር በፊት ከብስክሌት ወድቄ ነበር። እስፔን፣ ጂሮና አቅራቢያ፣ ከባኞሌስ ልምምድ ጨርሼ ስመለስ። ብዙ ሳምንት ሳይዘንብ ቆይቶ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ነው። እንዲህ ባለ ቀን አስፋልት ላይ የተጠራቀመው ዘይት ከውሃ ጋር ሳሙና ይሆናል። አውቃለሁ፤ ሌላውንም ስመክር ነው የኖርኩት። አደባባዩን ስዞር የፊት ጎማዬ ከዳኝ። በቀኝ ትከሻዬ አረፍኩ። ከአንገት ወደ ትከሻ የምትሄደው ቀጭን አጥንት ቀጭ ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። ብስክሌተኛ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የምትሰበረው እሷው ናት።

መጀመሪያ የማመሰግነው ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸውን ሁለት ሽማግሌዎች ነው። ሰባ ዓመት የዘለሉ ጡረተኞች፣ ከእኔ የተሻለ ብስክሌት የያዙ። አንዱ ጃኬታቸውን አውልቀው አለበሱኝ። ሌላው መሀል መንገድ ቆመው መኪና አስቆሙ። "ትራንኪሎ፣ ትራንኪሎ" ይሉኛል፣ ተረጋጋ ነው። እኔ የምጠይቀው "ብስክሌቱስ?" እያልኩ ነው። በማግስቱ የምወዳደርለት ክለብ ድረስ ወስደው አስረከቡልኝ፤ ያውም ጭቃውን አጥበው፣ ካቴናውን ዘይት ቀብተው።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ብረትና ስድስት ብሎን ገባልኝ። ሂሳቡን የውድድር ፈቃዴ ኢንሹራንስ ሸፈነው፣ ተመስገን ነው። ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የምትወስደኝ ነርስ ብስክሌተኛ መሆኔን ስታውቅ "ቢኒያም ግርማይ!" አለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት የዕለት ውድድር አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው ማለቷ ነው። "እሱ የኤርትራ ነው፣ የእኛ ጽጋቡ ግርማይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ" ብዬ ተጋድሜ ታሪክ ማስተማር ጀመርኩ። "ወንድማማች ናቸው?" አለችኝ። ማደንዘዣው ገላገለኝ።

ብዙዎቻችሁ ኑሮው እንዴት ነው ትሉኛላችሁ። ፎቶው ላይ የሚታየው ተራራና ቡና ነው። እውነቱ ሩዝ መመዘን ነው። ጠዋት አጃ በሚዛን፣ ማታ ሩዝ በሚዛን። በመሀል አራት አምስት ሰዓት መንዳት፣ ማሊያ ማጠብ፣ መተኛት። ደሞዝ የለም። ክለቡ ብስክሌትና ቤት ሰጥቶናል፤ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ አራት ነን። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ስላደግኩ ዳገት አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ጀማው ነው። ሰንዳፋ መንገድ ላይ ከሲኖትራክ ጋር መጋፋት ለምጃለሁ። 150 ሰው ጠባብ መንገድ ላይ ክርን ለክርን ሲነዳ ግን ሌላ ዓለም ነው። ይህን የምትማረው እየተወዳደርክ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ልክ ሊገባኝ ሲጀምር ወደቅኩ።

አንድ ክፍል የምጋራው ኮሎምቢያዊ ወንድሜ፣ አማርኛ ባታነብም ሰው ይንገርህ። ሦስት ሳምንት ጸጉሬን አጥበሃል፣ የጫማዬን ክር አስረሃል። አንድም ቀን አላማረርክም። ያንኮራፋሃል፣ እሱን ይቅር ብያለሁ።

አሁን ወደ ባርሴሎና እህቶቼ ልምጣ። ከመቶ ኪሎ ሜትር ላይ በባቡር፣ ዶሮ ወጥ በድስት ተሸክማችሁ የመጣችሁት እናንተ። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ብቻ ነው የተያየነው፣ በጥምቀትና በፋሲካ። ቀኝ እጄ ታስሮ በግራ ልቆርስ ስል "ተው! በግራ እጅ እንጀራ?" ብላችሁ ሚዛኑን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀላችሁት። ከዚያ ጉርሻ። አንዱ ያጣላል፣ ሁለቱ ያፋቅራል እያላችሁ አስራ ምናምን ደረሳችሁ። ሰው ሲያጎርሰኝ ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። በርበሬው ነው ብያችኋለሁ እንጂ ያለቀስኩት በእሱ አልነበረም።

እማዬ፣ አንቺን ይቅርታ ነው የምጠይቀው። የእቁብ ዕጣሽን ለአውሮፕላን ቲኬቴ የሰጠሽ ሴት፣ መሰበሬን ሳምንት ሙሉ ደበቅኩሽ። እህቴም በእኔ ጥያቄ ነው የዋሸችሽ፣ አትቆጫት። ካሜራውን ፊቴ ላይ ብቻ አድርጌ ሳወራሽ "ምነው በግራ እጅህ ብቻ የምታወራ?" አልሽኝ። እዚያው አለቀልኝ። ሰፈራችን ያሉት ጎሚስታ ጋሼም፣ ለስለቴ ሻማ ማብራትዎን ሰምቻለሁ። የመጀመሪያዋን ብስክሌቴን ከለመዳሪያ ስንት ጊዜ በዱቤ እንደለጠፉልኝ እርስዎና እኔ እናውቃለን።

በሁለተኛው ሳምንት ቤት ውስጥ ባለ ቋሚ ብስክሌት ጀመርኩ። በሰባተኛው ሳምንት ኤልስ አንጀልስ የሚባለው ዳገት ላይ ወጣሁ፣ ሠዓሊው ዳሊ እ.ኤ.አ. በ1958 የተጋባበት ገዳም ያለበት ነው። ቁልቁለቱን ፍሬን እንደያዝኩ ወረድኩ፣ አላፈርኩም። ባለፈው እሁድ ተወዳደርኩ። 74ኛ ወጣሁ። አሸናፊው ሻወሩን ወስዶ ልብስ ቀይሮ ነበር። ግን ጀማው መሀል ነው የጨረስኩት።

የባርሴሎና እህቶቼ፣ ድስቱን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ። የሰው ድስት ባዶውን አይመለስም፣ ይህን እናቴ አስተምራኛለች። ችግሩ ሩዝና ፓስታ ብቻ ነው የምችለው። ፓስታ ይሁን?