የተሻለው ሰው ወደ እኛ አይመለስም

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በደሴ ከተማ በአእምሮ ሕክምና ክፍል በነርስነት ለረጅም ዓመታት ሠርቼ በጡረታ የተገለልኩ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ የአእምሮ ሕመምም ሆነ ሱስ የያዘው ሰው ያገግማል ብለን ከልብ ባለማመናችን እኔና ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ያደረስነውን ጉዳት ለማስታወስ ነው።

አንዲት እናት ልጃቸውን ከኩታበር ይዘው መጥተው፣ መርፌውን ወግቼው ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝና የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ፣ «ሲስተር፣ ከእንግዲህ ሰው ይሆንልኛል?» አሉኝ። እኔም «መድኃኒቱን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ ብዙ አይጠብቁ» ብዬ አለፍኩ። የወሎ ሰው ለማያውቀው በሽተኛ እንኳ «አብሽር» ሳይል አያልፍም፤ እኛ ግን ይህችን ቃል ሙያው የከለከለን ይመስል ነበር።

ከዓመታት በኋላ ቀሚስ ላሳጥር ሰኞ ገበያ አካባቢ ወደሚገኝ ልብስ ሰፊ ጎራ አልኩ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ጠርዙን በጠመኔ እያሰመረ፣ «ሲስተር፣ አላወቁኝም?» አለኝ። ያ ልጅ ነበር። ክኒኑን በቅርቡ ካለ ጤና ጣቢያ ይወስዳል፤ አረቄውን ትቷል፤ ሁለት ልጆችንም ሙያ እያስተማረ ነው። እናቱ ግን «ሲስተሯ ብዙ አይጠብቁ ብላኛለች» እያሉ እስካሁን ሚስት ሊያጩለት አልደፈሩም።

ስህተታችን የሚመነጨው ከክፉ ልብ አይመስለኝም። ወደ ክፍላችን የሚመላለሰው ያገረሸበት ነው፤ የተሻለው በሥራውና በቤቱ ስለሚውል ከዓይናችን ይጠፋል፤ እኛም የጠፋውን ሁሉ አልዳነም ብለን እንቆጥራለን። ይህን የሐኪም የተዛባ እይታ ፓትሪሺያ ኮኸንና ጄኮብ ኮኸን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 በጽሑፍ አሳይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 269 ሕሙማን በአማካይ ከ32 ዓመት በኋላ ሲፈለጉ፣ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በእጅጉ ተሽሏቸው ወይም አገግመው እንደተገኙ ይገልጻል። እርግጥ ነው፣ መድኃኒት አቋርጦ የሚወድቅም አለ፤ ሁሉም ይድናል ብሎ መዋሸትም ደግ አይደለም።

ሱስ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። የአእምሮ ሐኪሙ «መጀመሪያ መጠጡንና ጫቱን ይተው» ይላል፤ ሱሱን የሚያክም ሲገኝ ደግሞ «መጀመሪያ አእምሮውን ይታከም» ብሎ ይመልሰዋል። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረን ሰው «ትተህ ና» ብሎ መስደድም ተግሣጽ ይምሰል እንጂ አደጋ አለው፤ በድንገት ሲያቆም እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊይዘው፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላልና ማቆሙ ራሱ በሕክምና ክትትል መሆን ነበረበት።

ስለዚህ የሕክምና ክፍሎቻችን ከቀጠሮ የቀሩትን ስልክ እየደወሉ እንዲጠይቁ፣ ያገገሙትንም እየጋበዙ ለተለማማጅ ሐኪሞችና ነርሶች ታሪካቸውን እንዲናገሩ ቢያደርጉ መልካም ነው። ልብስ ሰፊውን ጠይቄው «ከእሑድ በቀር በፈለጉት ቀን እመጣለሁ» ብሎኛል፤ የሚጠራው ክፍል ግን እስካሁን አላገኘሁለትም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት ጡረተኛ ነርስ፣ ከደሴ