የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ትንሿን መሰኪያ ማወቅ

ክበባችን «ስለ ቻርጀር ጫፍ የሚወራበት ክበብ» ተብሎ ሲጠራ በመምህራን ማረፊያ ክፍልም በወላጆች ስብሰባም ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ዘንድሮ በአብዛኛው ያጠናነው ስልክ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ሬዲዮና ፍላሽ የሚሰኩባቸውን ጥቃቅን መሰኪያዎች ነው። ለዚህም ይቅርታ አልጠይቅም። በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች «አልሠራ አለ» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ዕቃ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ተማሪዎቻችን ከየቤታቸው ካመጧቸው ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል ውስጡ ተቃጥሎ ያገኘነው ጥቂቱን ነው። የብዙዎቹ ችግር ኤሌክትሪክ የሚገባበት በር ላይ ነበር፤ ወይ ገመዱ ተበጥሷል፣ ወይ መሰኪያው ቆሻሻ ሞልቶበታል፣ ወይ ቻርጀሩና ዕቃው አልተግባቡም።

የዘወትር ሥራችን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሲካሄድ ቆይቷል። ሥራ አስፈጻሚ ተመርጧል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ የሁለቱም ወሰነ ትምህርት ዕቅድ ለርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቀርቧል። ተማሪ ስልክ ይዞ ወደ ግቢ እንዳይገባ የሚከለክለውን ደንብም አክብረናል። የሠራነው መምህራንና ወላጆች በሰጡን፣ ሲም ካርድ በሌላቸው አሮጌ ስልኮችና በተጣሉ ገመዶች ነው። ይህንን በግልጽ የምጽፈው ጥያቄው ደጋግሞ ስለተነሣ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርታችን ገመድ መቁረጥ ነበር። ተማሪዎቹ የተጣለ የዩኤስቢ ገመድ ልጠው ሲከፍቱ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አገኙ። በተለመደው አሠራር ቀዩ 5 ቮልት ያመጣል፣ ጥቁሩ መመለሻው ነው፣ አረንጓዴውና ነጩ ደግሞ መረጃ ያስተላልፋሉ። ከዚያ ከገበያ በርካሽ የተገዛ ሌላ ገመድ ሲከፍቱ ሁለት ሽቦ ብቻ ወጣ። «ስልኬ ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም» የሚለው የብዙ ሰው እሮሮ ምክንያቱ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ታየ፤ መረጃ የሚያልፍባቸው ሽቦዎች ከመጀመሪያውም አልነበሩም።

ቮልት የአምፔርና የሬዚስታንስ (ፍሰትን የመግታት መጠን) ብዜት ነው የሚለው የኦም ሕግም በገመዱ ላይ ሕይወት ዘራ። የገመዱ መሄጃና መመለሻ ሽቦዎች በአንድነት ግማሽ ኦም ሬዚስታንስ ቢኖራቸው፣ 1 አምፔር ሲያልፍ ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ 5 ቮልት ተብሎ የተነሣው ስልኩ ጋ ሲደርስ 4.5 ይሆናል። ስለዚህ ረጅምና ቀጭን ገመድ ስልክ ቀስ ብሎ እንዲሞላ ያደርጋል። ከኮምፒውተር ቻርጅ ማድረግ ለምን እንደሚያዘግምም አሰላን። የዩኤስቢ 2.0 መደበኛ መሰኪያ 500 ሚሊአምፔር (ግማሽ አምፔር) ይሰጣል፤ በ5 ቮልት ሲባዛ 2.5 ዋት ነው። 15 ዋት ሰዓት የሚይዝ የስልክ ባትሪ በዚህ መጠን ለመሙላት ምንም ሳይባክን እንኳን 6 ሰዓት ይፈልጋል። ይህንን ስሌት በሰሌዳ ላይ የሠሩት ራሳቸው ናቸው። በክፍል ውስጥ ቀመሩን በቃላቸው ይዘው ትርጉሙን ሲስቱ ያየኋቸው ልጆች ናቸውና ደስታዬ ትልቅ ነበር።

በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የመሰኪያዎች ሰሌዳ አይታችሁት ይሆናል። የተሠራው ከተሰበረ ዴስክ ጣውላ ነው። በግራ በኩል የድሮው የኖኪያ ቀጭን ክብ ጫፍ አለ፤ ቀጥሎ ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የመጣው ሰፊ ጠፍጣፋ ጫፍ፣ ከዚያ ሚኒ፣ ከዚያ በ2007 ይፋ የሆነው ማይክሮ፣ ከዚያ አፕል በ2012 ያወጣው ባለ 8 ፒን (የመገናኛ ብረት) ላይትኒንግ፣ በመጨረሻም በ2014 የታተመው ባለ 24 ፒን ታይፕ ሲ። የአውሮፓ ኅብረት በግዛቱ የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች ሁሉ ታይፕ ሲ እንዲኖራቸው ያወጣው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በዚሁ በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዓመት፣ በታኅሣሥ 19 ቀን፣ በገብርኤል ዕለት ነው። ላፕቶፖችን የሚመለከተው ክፍል ደግሞ የሚጀምረው በሚያዝያ 2018 ዓ.ም. ነው። አፕልም ሕጉ ጸድቆ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እ.ኤ.አ. በ2023 አይፎን 15ን በታይፕ ሲ አቅርቧል። ሕጉ የአውሮፓ ቢሆንም አምራቾቹ ለእኛም የሚሸጡ ናቸው፤ ከተማችን ውስጥ ያሉ የስልክ ሱቆችን መስኮት ያየ ሰው ለውጡን ያስተውላል።

ተማሪዎቹ ከሰሌዳው ፊት ለፊት ብዙ የቆዩት ማይክሮው ላይ ነው። በአንድ በኩል ብቻ የሚገባ በመሆኑ በጨለማ በግድ እየተገፋ ስንት መሰኪያ ተነቅሏል! ሆኖም የሠሩት መሐንዲሶች አንድ ብልሃት አድርገውበታል። የሚያልቀውን ክፍል፣ ማለትም ይዞ የሚያስቀረውን ስፕሪንግ፣ ስልኩ ላይ ሳይሆን ገመዱ ጫፍ ላይ አድርገውታል። ደረጃው ለ10,000 ጊዜ ማስገባትና ማውጣት የወጣ ነው፤ ሲላላ ግን ቀድሞ የሚላላው ገመዱ ነው። ስልኩን ለጥገና ከመስጠት በፊት ሌላ ገመድ መሞከር የሚገባው ለዚህ ነው። ታይፕ ሲ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይገባል፤ ነገር ግን መሐል ላይ ባለችው ስስ ምላስ ዙሪያ አቧራና የልብስ ክር ይጠራቀማል። ዕቃውን አጥፍቶ በእንጨት ስንጥር ቀስ አድርጎ ማውጣት ይገባል፤ መርፌ መክተት ግን ፒኖቹን ያበላሻል፣ እርስ በርሳቸውም ያነካካል።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወደ ጎረቤላ ያደረግነው ጉዞ ነው። የመኪናውን ኪራይ የሸፈነልን የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ነው፤ በክበቡ ስም አመሰግናለሁ። የአንኮበርን ቁልቁለት የምታውቁት የዚያን ቀኑን ጉምና ብርድ ታውቁታላችሁ። አንዲት የሻይ ቤት ባለቤት በረንዳቸውንና አንድ ሶኬት ፈቀዱልን፤ ጠረጴዛ ዘርግተን «የማይሞላ ዕቃ ያላችሁ አምጡ፣ በነፃ እናያለን» አልን። ከአንድ ወጣት ስልክ መሰኪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ የደረቀ የጋቢ ክር በስንጥር ወጣ፤ የስንዴ ቅንጣት አያህልም፣ ግን ስልኩን ከጥቅም ውጭ አድርጎት ሰንብቷል።

ከዚያ አንድ አዛውንት ቄስ በጨርቅ የተጠቀለለ የእጅ ባትሪ ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። «ለሰዓታት ሌሊት ስነሣ መንገዴን የማየው በዚህ ነበር። ልጄ ከአዲስ አበባ ነው የላከልኝ፤ አሁን ግን አልሞላ ብሏል። ባትሪው አልቋል አሉኝ» አሉ። የተቀበለቻቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከመንዝ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ክፍል ውስጥ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ።

«አባቴ፣ የሚሰኩበትን ገመድ ይዘውታል?» አለቻቸው።

ይዘውታል። አብሮት የመጣው ገመድ ስለጠፋ የልጅ ልጃቸውን አዲስ ቻርጀር ነበር የሚጠቀሙት፤ የገመዱ ሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ ነው። ሰካችው፤ ምንም የለም። ገልብጣ ሰካችው፤ አሁንም የለም። ጓደኞቿ «ባትሪው ነው» ማለት ጀመሩ። እርሷ ግን ከሣጥናችን ሰፊ ጫፍ ያለው አሮጌ ቻርጀርና ገመድ አንሥታ ሞከረች። ከእጅ ባትሪው ጎን ያለችው ቀይ መብራት ቦግ አለች።

በረንዳው በጭብጨባ ተሞላ። ልቤን የነካው ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ሳለ ነቀለችውና አዲሱን ቻርጀር መልሳ ሰካች፤ መብራቷ ጠፋች። አሮጌውን መለሰች፤ በራች። ይህንን ሁለት ጊዜ ከደገመች በኋላ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

ምክንያቱን ለማታውቁት ላስረዳ። አሮጌው ቻርጀር ዕቃ ቢሰካበትም ባይሰካበትም 5 ቮልት ሁልጊዜ ያወጣል። ታይፕ ሲ መውጫ ያለው አዲሱ ቻርጀር ግን በሌላኛው ጫፍ ኃይል የሚቀበል ዕቃ መኖሩን ሳያረጋግጥ ምንም አይሰጥም። ማረጋገጫው በዕቃው መሰኪያ ውስጥ ያሉ ሁለት ባለ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገቱ ጥቃቅን ክፍሎች) ናቸው። አንዳንድ የርካሽ ዕቃ አምራቾች እነዚህን ሁለት ፍሬዎች ሳያስገቡ ያልፋሉ። ዕቃው ታይፕ ሲ ይመስላል፣ በአዲሱ ቻርጀር ግን አይሞላም። ልጅቷ ለቄሱ ያስረዳችው ከእኔ ባጠረ ቃል ነው፦ «ባትሪዎ ደኅና ነው አባቴ። ለአዲሱ ቻርጀር ‹እዚህ ነኝ› ማለት ነው የማይችለው።»

ቄሱ «ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ፣ ለወገን የምትተርፊ ያድርግሽ» ብለው መርቀዋታል። አሮጌውን ቻርጀርና ገመድም ሰጥተናቸው ተመልሰናል። ዕውቀቱ ፈተና ላይ አይመጣም የሚሉ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ሌላውን ባለበት ትቶ መፈተሽ፣ ውጤቱንም ደግሞ ማረጋገጥ ፊዚክስም ኬሚስትሪም የሚቆሙበት መሠረት ነው። ይህች ተማሪ ማንም ሳያዛት አደረገችው።

ያልተሳካልንም አለ። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት መብራት እየተቋረጠ ብዙ ሐሙሶች ያለ ተግባር አልፈዋል። ያለን አንድ መልቲሜትር (የቮልት፣ የአምፔርና የኦም መለኪያ) ፊውዙ ተቃጥሎ ምትክ እስኪገኝ ሳምንታት ተቀምጧል። የቄሱን የእጅ ባትሪ ዓይነት ዕቃ ከፍተን ሁለቱን ሬዚስተሮች ልንጨምርለት አስበን ነበር፤ ሬዚስተሮቹ ዋጋቸው ከከረሜላ አይበልጥም። ነገር ግን የቤተ ሙከራችን መበየጃ ለቆርቆሮ ሥራ የሚሆን ወፍራም አፍ ያለው ነው፤ ለታይፕ ሲ ፒን ሲቀርብ ብዙዎቹን በአንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። ለስፖርት ክበብ ማልያ በየዓመቱ በጀት መያዙ ተገቢ ነው፤ እደግፈዋለሁም። ለኤሌክትሮኒክስ ክበብ ግን ክበቡ ከተቋቋመ ጀምሮ አንድ ብር አልተያዘም። የሠራነው ሁሉ ሰው በጣለው ዕቃ ነው።

ለ2018 የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ቀጭን አፍ ያለው ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃ፣ ሁለት መልቲሜትር ከመለዋወጫ ፊውዝ ጋር፣ አንድ የጠረጴዛ አጉሊ መነጽር፣ ዩኤስቢ ላይ ተሰክቶ ቮልትና አምፔር የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ፣ እንዲሁም ለሁለት የገጠር ጉዞዎች የመኪና ኪራይ። በጎረቤላ ያየነውን በሳላ ድንጋይና በደነባም ለመድገም ተማሪዎቹ ከወዲሁ ስም እየጻፉ ነው። ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ከአዲስ አበባ የምትመጡ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ በቤታችሁ የተከማቹ አሮጌ ቻርጀሮችን፣ በተለይም ሰፊ ጫፍ ያላቸውን፣ ይዛችሁልን ኑ። በሥራ ቀናት ለፊዚክስ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ማስረከብ ይቻላል፤ የተሰጠው ዕቃ ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል።