ለከተማችን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፦ በዓመት ሁለት ቀን አዳራሽ፣ በማኅተም

ይድረስ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረሙ?

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። በየዓመቱ በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜና እሑድ የሚሆን አዳራሽ እንዲፈቀድልን፣ ፈቃዱም ቀኑ ተጽፎበት፣ ማኅተም አርፎበት ከመስከረም ሳይወጣ እጃችን እንዲገባ። ኪራዩን እንከፍላለን። በቃል "ችግር የለም፣ ኑ" ተብለን ግን ከአንዴም ሁለቴ ተጎድተናል።

መጀመሪያ ማን እንደሆንን ልንገርዎት። ጥቂት ነን። መምህር አለ፣ አስጎብኚ አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ተሰባስበን የጠረጴዛ የጦር ጨዋታ እንጫወታለን። ልጆቹ ዋርጌም ይሉታል። አንድ የታሪክ ውጊያ ይመረጣል፤ መልክዓ ምድሩ በጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ ተራራው፣ መንገዱ፣ ወንዙ ሁሉ በልኩ። ትንንሽ ወታደሮች ይሰለፋሉ። አንዱ አንዱን ጎን ይይዛል፣ ሌላው ሌላውን። አናጢ በሚጠቀምበት ሜትር እየለካን ጦሩን እናንቀሳቅሳለን፤ ተኩሱ ማንን እንደመታ ደግሞ ዳይስ ይጣላል። ዳኛ አለ፤ ዳኛው ያለው ያልፋል።

ይህ ከውጭ የመጣ ወግ ነው እንዳይሉኝ። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ መክፈቻውን "ወረራ" ይሉት ነበር። ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው እያንቀሳቀሱ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። መኳንንቱም ይጫወቱት ነበር። ፕሩሲያዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1824 አንድ ራይስቪትስ የሚባል መኮንን ያዘጋጀውን የካርታ ጨዋታ ለጦር መኮንኖቻቸው ማሠልጠኛ አደረጉት። ዛሬ እኛ የምንጫወተው የዚያ ልጅ ነው፤ ዳይሱም ዳኛውም ከዚያ የመጡ ናቸው።

የእኛ ዋናው ጠረጴዛ ግን ፕሩሲያን አያውቅም። ቁልቋል በር ነው።

እርስዎ ታሪኩን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ እኛ ግን ነፃ አልወጣንም። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እዚሁ ከተማችን ተቀምጦ ይዋጋ ነበር። ከደብረ ታቦር በኩል የሚመጣውን መንገድ የዘጋው ምሽግ ቁልቋል በር ነው። ኅዳር 4 ቀን 1934 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦርና የእኛ አርበኞች ምሽጉን አጠቁት፤ ተመለሱ። ከሳምንት በኋላ፣ በሚካኤል ዕለት ኅዳር 12፣ እንደገና ወጡና ያዙት። ከዚያ በስድስተኛው ቀን፣ ኅዳር 18፣ ናሲ እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻው ትልቅ ጦር እጁን የሰጠው እዚህ፣ እኛ ቡና በምንጠጣበት ከተማ ነው። ስለ ፋሲል ግንብ የማይነግርዎት የጎንደር ልጅ የለም። ስለ ኅዳር 18 ግን አሥር ተማሪ ይጠይቁ፤ የሚመልስልዎት ካገኙ ደስ ይለኛል።

ለዚህ ነው ጉባኤያችንን ኅዳር 18 በሚውልበት ሳምንት የምናደርገው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጥምቀት አልደረሰም፣ ማረፊያ ክፍል ይገኛል። ጾሙ ስለገባ ምሳው በያይነቱ ነው፤ ለሁሉም ይመቻል፣ ወጪውም ይቀላል።

ጠረጴዛው እንዴት እንደሚሠራ ቢያዩት ደስ ይልዎታል። ሁለት ኮምፔንሳቶ ጎን ለጎን እንገጥማለን። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም በቢላ እየቀረፍን ተራራ እናደርገዋለን፣ በኮላ እንለጥፈዋለን፣ የወንፊት አሸዋ እንነሰንስበታለን፣ ከዚያ ቀለም። የታጨደው ማሳ እውነተኛ የጤፍ ጭድ ነው፤ ኅዳር ላይ አገሩ የሚመስለው እንደዚያው ነዋ። ከውጭ የሚመጡት ፕላስቲክ ወታደሮች ዋጋቸው አይቀመስም፤ ስለዚህ ወለቃ ሄደን ሸክላ የሚሠሩትን እናቶች ለመንናቸው። የጣት ግማሽ የምታህል ሰው፣ ጠመንጃ የያዘች። መጀመሪያ ሳቁብን፣ ከዚያ ሠሩልን። አሁን ከ300 በላይ አሉን። አርበኞቹ ጎፈሬ አላቸው፤ ያንን ማንም አላዘዛቸውም፣ ራሳቸው የጨመሩት ነው።

ካቻምና አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ የጣሊያንን ጎን ያዘች። የመጀመሪያውን ጥቃት በመንገዱ በኩል ብቻ መጣንባት፤ መትረየሶቿን አዙራ አስቀረችን። በሁለተኛው ዙር ጓደኛዬ ጦሩን ከፍሎ በተለያየ አቅጣጫ አመጣባት። አንዱን ስትመልስ ሌላው ከጀርባዋ ወጣ። ያኔ ቀና ብላ "አሁን ገባኝ፣ ለካ ኅዳር 4 ያልሆነው ኅዳር 12 የሆነው ለዚህ ነው" አለች። መምህሯ አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ እሱም ዝም አለ። ይህን በመጽሐፍ አንብባ ብትሆን ኖሮ ለፈተና አጥንታ ትረሳው ነበር።

ከዚያ የሆነውንም ልንገርዎት፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ከሰሌዳው የወጡት ወታደሮች ትሪ ላይ ተኝተው ነበር። "አንዷ ሸክላ ስንት ሰው ናት?" ብላ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ነው አልኳት። ከእሷ ጎን ብቻ 14 ነበሩ። በጣቷ ቆጥራ "420 ሰው" አለችና ትሪውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ሳጥኑ መለሰቻቸው፤ እንደ እንቁላል ነበር የያዘቻቸው።

በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ስለ ጦር ጨዋታ ማውራት እንደሚከብድ አውቃለሁ። የጥይት ድምፅ ያልሰማ ልጅ የለንም። "ጦርነት አንገሽግሾን እናንተ ትጫወቱበታላችሁ?" ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ አንዷ የገዛ እናቴ ናት። እሳቸውን ይዣቸው ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዩ፤ ማታ ስንመለስ ስለ አባታቸው፣ በአርበኝነት ዘመን ደምቢያ ውስጥ ስለተሸሸጉበት ሁኔታ፣ ከዚያ በፊት አንስተውት የማያውቁትን ነገር አጫወቱኝ። ደንብም አለን፤ ከ1934 ወዲህ ያለ ውጊያ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ሰው ገና የሚያለቅስበትን ነገር አንነካም። ይህን ደንብ በጽሑፍ ከፈለጉት ከማመልከቻው ጋር አያይዤ አመጣለሁ።

አሁን ወደ አዳራሹ ልመለስ። አምና አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሹን በቃል ፈቅዶልን ነበር። ስሙን አልጠቅስም፤ ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ተራራ በጋሪ ጭነን ስንደርስ ጥበቃው "ዛሬ ስብሰባ አለ" አለን። የሚያናግረን ሰው ስልክ አያነሳም። ከባሕር ዳር ሁለት ልጆች መጥተው ነበር። 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዛሬ መንገድ ደግሞ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። ወላጆቻቸውን አስፈቅደው፣ ያጠራቀሙትን ብር ለትራንስፖርት ከፍለው የመጡ ልጆች ናቸው። እነሱን በር ላይ ቆሜ ምን ልበላቸው? በመጨረሻ አንድ ወዳጃችን ግቢውን ከፈተልን። ነፋሱ ተነሳ፤ ፎሙ ቀላል ስለሆነ ትልቁ ተራራ ተገለበጠና ለሁለት ተሰበረ። ስድስት ጠረጴዛ አስበን ሁለት ብቻ አጫወትን። ከእድር የተዋስናቸው ወንበሮች ግማሾቹ ከጋሪ አልወረዱም። ተማሪዎቹን ይዞ ሊመጣ የነበረውን መምህር ደውዬ "አትምጣ" ስለው ያፈርኩት ማፈር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ትንሽ ጉባኤ የሚኖረው በቀኑ ነው። ትልቅ ድግስ አንድ ዓመት ቢበላሽ ይታገሠዋል። እኛ 40 የማንሞላ ሰዎች ግን ቀኑ አንዴ ከተናወጠ ሰው "ዘንድሮም ይሰረዝ ይሆናል" ብሎ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጠሪውም ይቀራል። የሚከፈል አዘጋጅ የለንም፤ ቀኑ ካልተያዘ የምንይዘው ነገር የለም።

ጄን ኮን የሚባል የጨዋታ ጉባኤ አሜሪካ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሲጀመር ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ የአትክልት ማኅበር አዳራሽ በ50 ዶላር ተከራይተው ነው። ዛሬ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሰበስባል። እኛ ያንን እንሆናለን ብዬ ቃል አልገባም። ያን ጊዜ የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሰው በቀጠሮው ቀን መክፈቱን ግን ልብ ይበሉልኝ።

አዳራሹ ትልቅ መሆን የለበትም። ስድስት ጠረጴዛ የሚያስገባ፣ ነፋስ የማይገባበት፣ መብራት ያለው። መብራት ከጠፋ ጀነሬተር እኛ እናመጣለን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሳጥን ሙሉ የሸክላ ወታደርና በመስመር የተከፋፈለ ካርታ ይዞ መንገድ ላይ መፈተሽ በዚህ ጊዜ ለማስረዳት ይከብዳል። ከመምሪያው አንድ ገጽ የድጋፍ ደብዳቤ ብናገኝ ከሌላ ከተማ የሚመጡት ልጆች በኪሳቸው ይዘውት ይጓዛሉ። በእኛ በኩል ቅዳሜ ከሰዓት ለከተማው ተማሪዎች በነፃ ክፍት ይሆናል፤ አስጎብኚዎች ከፈለጉ የቁልቋል በርን ጠረጴዛ እናውሳቸዋለን፤ ለወለቃ እናቶችም ሥራቸውን የሚሸጡበት ቦታ በር አጠገብ እናዘጋጃለን።

ማመልከቻውን ሰኞ ጠዋት በእጄ ይዤ እመጣለሁ። ተራራውን ጠግነነዋል፤ ስንጥቁ በአሸዋው ስር ገብቶ አይታይም። አዳራሹ ከተገኘ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እንጀምራለን፤ ለእርስዎም ከአርበኞቹ ጎን አንድ ወንበር ይያዛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጉባኤው አዘጋጆች አንዱ
ጎንደር